ኢትዮጵያና ኬንያ፦ ማን ይበልጣል?

ከሜክሲኮ በሰንጋ ተራ አድርጎ እስከ ለገሃር ያለው ሰፈር የአዲስ አበባ የገንዘብ መንደር ሆኗል። ባለ 209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ሕንፃ እዚሁ ነው። የግል ባንኮችም ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን ገትረዋል። እዚህ አካባቢ የኬንያ ስም ሲነሳ ወሬው ቶሎ ፉክክር ይሆናል። መልሱ ግን በመለኪያው ይወሰናል።

በዶላር እንጀምር። የዓለም ባንክ ለእ.ኤ.አ. 2023 ያወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የኬንያው 108 ቢሊዮን ገደማ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። በሚያዝያ 2017 አይ.ኤም.ኤፍ. ባወጣው ትንበያ ኬንያ 132፣ ኢትዮጵያ 117 ቢሊዮን ገደማ ሆኑ። የተገለበጠው ተመኑ እንጂ እህሉና ሲሚንቶው አይደለም። እንደኔ የድሮውም ቁጥር የተጋነነ ነበር፤ ዶላር በዚያ ዋጋ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነበርና። ለኑሮ የሚቀርበው መለኪያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። ኢትዮጵያ 130 ሚሊዮን፣ ኬንያ 55 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላቸው። በዚህ ስሌት ኬንያዊው በግልጽ ይበልጣል።

ዕዳ ሁለቱንም አስጨንቋል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ኬንያ በዚያው ዓመት የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን ዘጋች። ለዚያ ግን በውድ ወለድ አዲስ ተበድራለች። በሰኔ 2016 ታክስ የሚጨምረው የኬንያ ረቂቅ ሕግ ወጣቱን ናይሮቢ አደባባይ አወጣው።

ኬንያ የምር የምትቀድመው በገንዘብ ገበያው ነው። የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቋመ። የእኛው ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው። በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ በ1999 ዓ.ም. ሲጀመር እዚህ ገንዘብ ለመላክ ባንክ ወይም የሚሄድ ሰው መፈለግ ግድ ነበር። ቴሌብር በ2013 መጥቶ ነገሩን ለወጠው። ዛሬ መሃል ከተማ ለማኪያቶም ለታክሲም በስልክ ይከፈላል። ኤም-ፔሳ ራሱ በነሐሴ 2015 በሳፋሪኮም በኩል አዲስ አበባ ገባ። በታኅሣሥ 2017 የወጣው የባንክ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ኬሲቢን የመሳሰሉ የኬንያ ባንኮች ይህን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። የፉክክሩን ጉዳይ በቁም ነገር ልንይዘው የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በንግዱ ልዩነቱ ባሕር ነው። ሁለቱም አገሮች በ2009 ዓ.ም. በቻይና ብድር የተሠራ ባቡር መረቁ። የኬንያው ከናይሮቢ ተነስቶ የራሷ ወደብ ሞምባሳ ይደርሳል። የእኛው ጅቡቲ፣ ሰው ቤት። ኬንያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች 30 ዓመት አልፏታል፤ ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. አመልክታ እስካሁን ድርድር ላይ ናት። ኬንያ በሻይና በአበባ፣ ኢትዮጵያ በቡናና በወርቅ ዶላር ታመጣለች። በአየር መንገድ ግን ብልጫው የእኛ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአፍሪካ ትልቁ ነው።

ጦሩስ? በወታደር ብዛትና በውጊያ ልምድ ኢትዮጵያ በብዙ ትበልጣለች። ሱ-27 ተዋጊ ጄቶችም አሏት። ኬንያ ጦሯ አነስተኛ ቢሆንም በሞምባሳ የሚሠራ ባሕር ኃይል አላት። ኢትዮጵያ ኤርትራ በ1985 ስትለይ ባሕር ኃይሏን የምታሰማራበት ዳርቻ አጣች፤ እንደገና ማደራጀት የጀመረችውም ከ2010 ወዲህ ነው።

ሁለቱን ጦሮች እንደ ባላጋራ ማነጻጸር ግን ታሪኩን መሳት ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ረጅም ዓምድ ነው፤ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ አለው። ግራና ቀኙ የ1969ኙን የሶማሊያ ወረራ የመከቱ ወታደሮችና አብረው የተሰለፉ ኩባውያን መታሰቢያ ነው። በዚያ ጦርነት ኬንያ ከኢትዮጵያ ጎን ነበረች። ሞቃዲሾ ኦጋዴንን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ምሥራቅ ኬንያንም የእኔ ናት ትል ነበርና። ሁለቱ አገሮች የጋራ መከላከያ ውል ያሰሩት ገና በ1956 ዓ.ም. ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴና በጆሞ ኬንያታ ዘመን። ካዛንቺስ አካባቢ የኬንያታ ስም የወጣለት መንገድ አለ፤ ናይሮቢም በንጉሡ ስም የሚጠራ ጎዳና አላት። ኋላም ሁለቱ ጦሮች ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብን በየፊናቸው ወጉ።

የትግራይን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም የፌዴራል መንግሥቱና የትግራይ ኃይሎች የጦር አዛዦች ኅዳር 3 ቀን 2015 የትጥቅ ማስፈታቱን ዝርዝር የፈረሙት ናይሮቢ ነው። በዚያው ወር የኢትዮጵያ መብራት ወደ ኬንያ መሄድ ጀመረ። መስመሩ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋትም ይሸከማል። የተዋዋሉት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ 400 ሜጋ ዋት ነው። ቀሪው አቅም ገና ገዢ ይጠብቃል።