የአማርኛ ዜና አሰባሳቢዎች፦ ከናዝሬት ዶት ኮም እስከ ቴሌግራም

ዜና አሰባሳቢ ማለት የራሱ ዘጋቢ ሳይኖረው ሌሎች የጻፉትን እየለቀመ አንድ ቦታ የሚያቀርብ ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይም ቻናል ነው። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ «የኢትዮጵያ ዜና» ብትሉ ስማቸውም አርማቸውም የሚመሳሰል ብዙ ታገኛላችሁ። ባንዲራ፣ ጋዜጣ፣ «ሰበር»። ከጀርባቸው አዘጋጅ ይኑር አይኑር ግን ከገጻቸው ላይ ማወቅ ይከብዳል። ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ከስማርት ስልክ በፊት የተጀመረ ነው።

የድረ ገጾቹ ዘመን

ኢንተርኔት አገር ቤት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአማርኛ ዜና መለጠፍ ራሱ ፈተና ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ጽሑፉ ወይ እንደ ሥዕል ይለጠፋል ወይ አንባቢው ጸሐፊው የተጠቀመበትን ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አለበት፤ ካልጫነ የሚያየው የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሰባሳቢዎች በብዛት በእንግሊዝኛ ሠሩ። ናዝሬት ዶት ኮም፣ ኢትዮሚዲያ፣ ኢትዮጵያን ሪቪው፣ ስዊዘርላንድ የነበረው ሳይበር ኢትዮጵያ፣ ሁሉም ውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተቋቋሙ ናቸው። የውጭ ዜና ወኪሎች ስለ ኢትዮጵያ የጻፉትን ከአገር ቤት ጋዜጦች ጎን ያስቀምጡ ነበር። ለዚያ ትውልድ አንባቢ የጠዋት ቡና የሚጠጣው ናዝሬትን ከፍቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምርጫ 97 ነገሩን ለወጠው። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋረጠና እስከ ሚሊኒየሙ ዋዜማ ድረስ ሳይከፈት ቆየ። በግንቦት 1998 ደግሞ እነዚህ ድረ ገጾች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። መንግሥት በጊዜው «እኔ አላገድኩም» ይል ነበር። ታግደው እንደነበር ግን ማንም የሚጠራጠር የለም፤ ሰውም በፕሮክሲ፣ ማለትም እገዳውን በሚያልፍ ሌላ ኮምፒውተር በኩል፣ እየዞረ ማንበቡን ቀጠለ። መታፈኑ በአንድ በኩል ክብር ሰጣቸው። በሌላ በኩል፣ የተጻፈውን ከአገር ቤት ሆኖ በይፋ የሚያርም ሰው ስለጠፋ፣ የአዘጋጁ ፖለቲካና የተለቀመው ዜና እየተደባለቁ ሄዱ። ተቃዋሚነታቸው የሚደበቅ አልነበረም፤ መደበቅም አልፈለጉም።

የ2004 ዓ.ም. ክረምት ጥሩ ማሳያ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከአደባባይ ጠፉ። መንግሥት «እያገገሙ ነው» ይላል። ስለ ጤናቸው የጻፈችው የፍትሕ ጋዜጣ እትም 30,000 ቅጂ እንዳይሰራጭ ታገደ። በሐምሌ ወር ከውጭ አገር ያሰራጭ የነበረው ኢሳት ቴሌቪዥን «ሞተዋል» ብሎ ዘገበ፤ የጠቀሰው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም ግን እንዲህ አላልኩም ብሎ አስተባበለ። አሰባሳቢዎቹ ዘገባውንም ማስተባበያውንም እኩል ለጠፉ። ይፋዊው መግለጫ የወጣው ነሐሴ 15 ቀን ነው፤ ሞቱ የተባለውም ከአንድ ቀን በፊት ሌሊት ነው። ትክክለኛው ቀን የቱ ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ልብ በሉ፣ ያኔ የመንግሥትን መግለጫ ብቻ ያመነም፣ ድረ ገጾቹን ብቻ ያመነም ሙሉውን ታሪክ አላገኘም።

በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን አስታወቀ። ይገርማል፣ በሩ ሲከፈት አንባቢው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ሄዶ ነበር።

መተግበሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ

ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን የሚያሳውቁበትን አር ኤስ ኤስ የሚባል ዝርዝር በየተወሰነ ደቂቃ ያነብቡና አርዕስቱን ስልካችሁ ላይ ያመጣሉ። ስትነኩት ዋናው ገጽ ማስታወቂያ ተጨምሮበት ይከፈታል። ጥሬ ዕቃው የታወቀ ነው፦ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት (ኢዜአ)፣ ፋና፣ ሪፖርተር፣ ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ፣ በመስከረም 2010 የተጀመረው ቢቢሲ አማርኛ። በዚህ ብቻ የሚወሰን መተግበሪያ ከምንጩ የባሰ አይሆንም። ችግሩ ማንነታቸው የማይታወቅ ብሎጎችና የዩቲዩብ ቻናሎች እዚያው መደዳ ውስጥ፣ በዚያው ፊደል መጠን ሲገቡ ነው።

ሁለተኛው ችግር ድግግሞሽ ነው። አንድ ኢዜአ ያወጣው መግለጫ በፋናም፣ በኢቢሲም፣ በክልል ሚዲያዎችም ይወጣል፤ መተግበሪያው አምስቱንም ይደረድራል። አንባቢው «አምስት ቦታ አየሁት» ይላል። አንድ ቦታ ነው ያየው። የፌስቡክ ወሬም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው «ምንጮች እንደገለጹት» ብሎ ይወስደዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ምንጭ ያደርጋል።

ሦስተኛው የቀንና የሰዓት ጣጣ ነው፤ ይሄ የኛ ነው። ጽሑፉ ሲገለበጥ ቀኑ ይቀርና «ዛሬ» የሚለው ይተርፋል። የዛሬ ሦስት ዓመቱ «ዛሬ» እንደ ትኩስ ዜና ይዞራል ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ በማሽን የሚተረጉሙ ደግሞ አሉ። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ብዙ ተሻሽሏል፣ ግን ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የሚካሄድ ስብሰባ «በ3 ሰዓት» ተብሎ ከወጣ ያላስተካከለው ሰው እንጂ ማሽኑ ብቻ አይደለም የሚወቀሰው።

ቴሌግራም

እውነቱን ለመናገር ዛሬ ለብዙ ሰው ዜና አሰባሳቢ ማለት ቴሌግራም ነው። ዳታ ይቆጥባል፣ ደካማ ኔትወርክም ላይ ይከፍታል። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው ቲክቫህ ኢትዮጵያ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታዮች አሉት። የሌሎችን ከመልቀም አልፎ «የቲክቫህ ቤተሰብ» የሚላቸው አንባቢዎች ከየከተማው የሚልኩትንም ያቀርባል። ምንጩን የመጥቀስ ልማዱ ከብዙዎቹ ይሻላል። ችግሩ ስሙንና አርማውን አስመስለው የሚከፍቱት ናቸው፤ የሚዲያዎችና የባንኮች ሐሰተኛ ቻናልም እንደዚያው ሞልቷል።

መረቡ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ይበላሻል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ሲገደል ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። በየካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ጊዜ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ተገደቡ። እገዳውን የሚያልፈው ቪፒኤን ያለው ያየውን ስክሪንሾት አድርጎ ለሌለው ይልካል፤ ስክሪንሾት ደግሞ ሊንክ የለው፣ ቀን የለው።

ሕጉና እርማቱ

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። አዋጁ መንግሥት የማይወደውን ዝም ለማሰኘት ይመቻል የሚል ትችት ከመጀመሪያው ቀርቦበታል።

የማጣራቱን ሥራ እነ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ይሠራሉ። የቆየ ፎቶን ከነ መጀመሪያው ቦታውና ቀኑ ፈልገው ያወጣሉ፣ ሐሰተኛ አርማን ከእውነተኛው ጎን ያሳያሉ። ቀላል ሥራ አይደለም። ግን አሰባሳቢ መተግበሪያ ውስጥ የነሱ ጽሑፍ ከገባም እንደ አንድ ተራ ዜና ሆኖ ነው የሚገባው፤ ካስተባበለው ወሬ ጋር አይያያዝም። ዋናው ጋዜጣ ስህተቱን ቢያርም እንኳ ሊንኩን ብቻ የያዘው መተግበሪያ የታረመውን ያሳያል፣ ጽሑፉን ገልብጦ ያስቀረው ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው አንድን መተግበሪያ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ዜና ነክታችሁ የማን ገጽ ላይ እንደሚወስዳችሁ ማየት የሚበጀው።