የኩዊልት «ብሎክ» ምንድን ነው? የጥንቱስ እንዴት አዲስ መልክ ይይዛል?

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከአጥንቱ ሌላ አንድ ድሪቶም ያስፈልጋል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ውርጩ ሲመጣ ጋቢ ብቻውን አያስተኛም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ እራፊ፣ ጉልበቱ ያለቀ የካኪ ሱሪ፣ የተቀደደ አንሶላ ታጠራቅም ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ከቤት ሲያውላት ቁጭ ብላ በመርፌ ትጠቅመዋለች። ከዚያ በላዩ ጋቢ ደርበን እንተኛለን።

ድሪቶ የሚለው ቃል ዛሬ ወደ ስድብ ተጠግቷል። ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ይሄው ሥራ በሌላ አገር ኩዊልት ተብሎ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ጨርቅ ነው። መሀሉ ሙቀት የሚይዘው ባዘቶ ነው። ሥሩ ገበር ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ በስፌት ይያዛሉ። ብሎክ የሚባለው ደግሞ የላዩ ጨርቅ የሚሠራበት አንድ አራት ማዕዘን ንድፍ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይሰፋል፤ ከዚያ ብዙዎቹ እንደ ወለል ሴራሚክ ጎን ለጎን ይያያዛሉ። ከእናቴ ድሪቶ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እሷ እራፊውን በመጣበት መጠን ነበር የምትገጥመው። ብሎክ ግን ልክ አለው፣ ይደገማል።

ስም ካላቸው የጥንት ብሎኮች በጣም የምወደው ሎግ ካቢን ነው፤ የግንድ ጎጆ እንደማለት። አሜሪካ ውስጥ ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰፊው ተሠርቷል። መሀሉ ላይ ትንሽ ካሬ አለች፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት፤ የቤቱ ምድጃ ናት ይሏታል። በዙሪያዋ ጠባብ ቅዳጆች ልክ ግንድ እንደሚደረደር እየዞሩ ይሰፋሉ። ሁለቱ ፈካ ያሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ጠቆር ያሉ፣ እንደገና ሁለት ፈካ ያሉ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሲያልቅ ካሬው ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ።

ውበቱ የሚመጣው ሲደረደር ነው። ብሎኮቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብትገጥሟቸው ብርሃኑና ጥላው ሰያፍ መስመር ይሠራሉ። ይህ አደራደር «ቀጥ ያለ ትልም» ይባላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስትሄዱ አዲስ የታረሰውን ማሳ ከመኪና መስኮት አይታችሁት ከሆነ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም።

ልኩ ላይ አትቀልዱ። መሀሏን ካሬም ቅዳጁንም በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቁረጡ። የስፌት ትርፉ፣ ማለትም ከስፌቱ ውጪ የሚቀረው ጠርዝ፣ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመሀሉ ዙሪያ ሦስት ዙር ስትሠሩ ብሎኩ ከሌሎቹ ጋር ከተያያዘ በኋላ 26.6 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ትርፉን 8 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁት ግን 23.8 ይሆናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት ብላችሁ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር በላችባችሁ። አንዱ ብሎክ እንዲህ ሌላው እንዲያ ከሆነ ደግሞ ማዕዘኖቹ አይገጥሙም። እያንዳንዱን ቅዳጅ ከሰፋችሁ በኋላ በካውያ መተኮስም የግድ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ መልክ። ዘመናዊ ማድረግ ማለት ብሎኩን መጣል አይደለም። አጥንቱን ይዞ ሌላውን መቀየር ነው። ብዙ ሰው በቀለም ይጀምራል። የድሮው ሎግ ካቢን ሃያና ሠላሳ ዓይነት አበባማ ጨርቅ ይይዛል። አበባውን ትታችሁ ሁለት ሦስት ወጥ ቀለም ብቻ ብትይዙ ወዲያው ሌላ ነገር ይሆናል። ቀለም መምረጥ የሚያስቸግረው ሰው ካለ የመንዝን ባና ይይ። ካልተነከረ የበግ ጸጉር የተሠራው ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጭ ነው። ለእኔ ዓይን ከዚያ የበለጠ ዘመናዊ ቅንብር የለም።

ሁለተኛው ባዶ ቦታ ነው። ንድፉ አልጋውን ሁሉ አይሞላም፤ በአንድ ጥግ ሆኖ የቀረው ጨርቅ ወጥ ይሆናል። ለኛ ይህ አዲስ አይደለም። ነጠላን አስቡ። ሰፊው ነጭ ነው፤ ጥበቡ ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ነጭ ባይኖር ጥበቡ አይታይም ነበር።

መጠኑንም መለወጥ ይቻላል፦ ሃያ ትንንሽ ብሎክ በመስፋት ፈንታ አንዱን አልጋ በሚያክል ስፋት መሥራት። ወይም ፈካ ያለውን ቅዳጅ ሰፊ፣ ጠቆር ያለውን ጠባብ ማድረግ። ያኔ ምድጃዋ ከመሀል ትሸሻለች። እንዲህ ያሉ ብሎኮች ሲደረደሩ፣ ጨርቁ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ሳለ፣ ከሩቅ ክብ ይመስላል። መጀመሪያ ሳየው ጠጋ ብዬ በጣቴ ዳስሻለሁ።

ይህን ግን የዛሬ ዲዛይነሮች የፈጠሩት እንዳይመስላችሁ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ወንዝ የከበበው መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በባርነት የኖሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ከተለበሰ የሥራ ልብስና ከጅንስ ኩዊልት ይሰፉ ነበር፤ የሎግ ካቢን ዓይነቱን «የቤት ጣራ» ይሉታል። ቅዳጁ ይንጋደዳል፣ አንዱ ጎን ይሰፋል፣ ቀለሙ ጥቂት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ውስጥ ለዕይታ ሲቀርብ ተመልካቹ ዘመናዊ ሥዕል ያየ ያህል ተገረመ። በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ አሥር ሥራዎቻቸውን ቴምብር አደረጋቸው። ለብርድ ነበር የሰፉት። የእናቴም ለብርድ ነበር።

እኔም ዘንድሮ አንድ ሠራሁ። ያረጁ ጅንሶችና አቡጀዴ ብቻ ይዤ። አንድ ትልቅ ብሎክ፦ መሀሉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የአቡጀዴው ቅዳጅ 25፣ የጅንሱ 10። በሦስት ዙር 1 ሜትር ከ35 ደረሰ፤ የቀረው የአልጋው ክፍል ባዶ አቡጀዴ ነው። መሀሉንም አቡጀዴ አደረግሁት። በጣም ንጹሕ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

መንዝ፣ ሞላሌ ተወልደው ያደጉ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ ገቡ። ስለ ምድጃዋ ቀደም ብዬ አጫውቻቸው ነበር። ድሪቶውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ስፌቱን አገላብጠው አዩ።

«እታለም፣ እጅሽ ይባረክ። ቤቱ አምሯል» አሉኝ። «እሳቱስ የታለ?»

ማታ አራቱን ስፌት ፈታሁ። ከእናቴ ድሪቶ ተርፎ ያስቀመጥኩት ቀይ ተትሮን ነበረ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስላልሞላ ከሁለት ቁራጭ ቀጠልኩት። ቅጥያው ይታያል። ከበሩ ላይ ሆናችሁ ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።