«አስተናጋጅ ተክል» ምንድን ነው? አበባው አይደለም

ሰሞኑን «ለቢራቢሮ አስተናጋጅ የሆኑ ተክሎች» የሚል ዝርዝር ደረሰኝ። አንደኛ ላይ የተቀመጠው የወፍ ቆሎ ነው። ከዚያ አበባ፣ ቀጥሎ ሌላ አበባ፣ እስከ መጨረሻው አበባ ብቻ። ሎሚ የለም። ብሳና የለም። ጎመንም የለም። ይህን ስሕተት ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ፤ አሁንስ በዛ።

አስተናጋጅ ተክል ማለት ቢራቢሮዋ እንቁላሏን የምትጥልበት፣ ከእንቁላሉ የወጣው ትል ደግሞ ቅጠሉን እየበላ የሚያድግበት ተክል ነው። ክንፍ ካወጣች በኋላ ወለላ ልትቀስም የምታርፍበት አበባ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥፋቱ ከፊሉ የቃሉ ይመስለኛል። አስተናጋጅ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ምግብ ቤት ውስጥ «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ሰው ነው። እኔ ሳስረዳ አበባው ቡና ቤት ነው፣ አስተናጋጁ ተክል ግን አራስ ቤት ነው እላለሁ። አንዱ ቡና ቤት ቢዘጋ ቀጥሎ ያለው ይገባል። ትናንት የተወለደ ልጅ ግን ተነስቶ ሌላ ቤት አይፈልግም። ይህ አራስ ቤት ደግሞ ከእኛው ይለያል። እናቲቱ አታድርበትም፤ እንቁላሏን ለጥፋ ትሄዳለች። ገንፎ የሚያገነፋ የለም። ልጁ የሚበላው የቤቱን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ካለ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጥቁር መደብ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ትመጣለች። አበባ አትፈልግም፤ ለጋ ቅጠል ነው የምትፈልገው። በፊት እግሮቿ ቅጠሉን መታ መታ ታደርጋለች። እየቀመሰች ነው፤ ቢራቢሮ በእግሯ ትቀምሳለች። ትክክለኛው ከሆነ ሆዷን ቆልመም አድርጋ አንዲት ክብ እንቁላል ትለጥፍና ትነሳለች። እንቁላሏ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የምትፈለፈለው ትል ቡናማና ነጭ ሆና ቁርጥ የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ወፍ አይቶ እንዲያልፋት ነው። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። ያኔ በጣታችሁ ነካ ብታደርጓት ከጭንቅላቷ ኋላ ብርቱካናማ ባላ ብቅ ታደርጋለች፤ ሽታው ይሰነፍጣል። ሰው አባ ጨጓሬ ናት ብሎ ይሸሻታል። የሚያሳክክ ፀጉር ግን የላትም፤ ምንም አታደርግም።

ሎሚ የመጣው ከእስያ ነው። ቢራቢሮዋ ግን የአፍሪካ ናት። ሎሚ ሳይመጣ በፊት ትሎቿ በምን ያድጉ ነበር? እንደ ልምጭ ባሉ ዕፅዋት ነው። አዎ፣ መፋቂያ የምናደርገው ልምጭ። ልምጭ፣ ሎሚና ጤና አዳም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሎሚን ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ ካሸተታችሁ፣ ቀጥላችሁ ልምጩን አሽቱ፤ ዝምድናቸው ይገባችኋል። ቢራቢሮዋም የምትለያቸው ቅጠላቸው ውስጥ ባለ ኬሚካል ነው።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ቨርሻፌልት የተባለ የኔዘርላንድ ሰው የጎመን ቢራቢሮ ትሎችን ይዞ ሞከረ። ትሎቹ በተፈጥሯቸው የማይነኩትን ቅጠል ጎመንና ሰናፍጭን የሚያሰነፍጣቸውን ንጥረ ነገር ቀባው። በሉት። በ1964 ደግሞ ኤርሊክና ሬቨን የተባሉ አሜሪካውያን ነገሩን አሰፉት። ተክሉ እንዳይበላ መርዝ ያዘጋጃል፤ አንዱ የቢራቢሮ ወገን መርዙን መቋቋም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያው መርዝ «ቤትሽ እዚህ ነው» የሚል ምልክት ይሆንላታል።

ስለዚህ «ተክሉና ቢራቢሮው ተፈቃቅረው ይኖራሉ» የሚለውም ልክ አይደለም። አስተናጋጁ ፈቅዶ አላስተናገደም። እየተበላ ነው።

ይህን ለአንድ ሰው ስነግረው «ዋናው ቢራቢሮው መምጣቱ ነው፣ በቃል ምን ያጨቃጭቃል?» አለኝ። ቢራቢሮ መጣ ማለት እዚያ ተወለደ ማለት አይደለም። ወለላ በአብዛኛው ስኳርና ውኃ ነው፤ ለመብረር ጉልበት ይሰጣል። ክንፏንና አካሏን የምትሠራው ግን በዋናነት ትል ሳለች ከበላችው ቅጠል ነው። በብሳና ወገን ላይ የሚያድጉ ትልልቅ ቢራቢሮዎች ደግሞ አበባ ብዙም አይፈልጉም። የሚጠጡት ከበሰበሰ ፍሬ፣ ከዛፍ ፈሳሽና ከእበት ነው። ለእነሱ ግቢውን ሙሉ አበባ ብትተክሉ ምን ይፈይዳል? አንድ ብሳና ይበልጥባቸዋል።

አንድ ግቢ አውቃለሁ። ለቢራቢሮ ተብሎ በአበባ ተሞልቷል፤ ጥግ ላይ ያለው ሎሚ ግን «ትል በላው» ተብሎ በፀረ ተባይ ይረጫል። ቡና ቤቱን እያሳመሩ አራስ ቤቱን ማቃጠል ማለት ይህ ነው። የግቢው ባለቤት ክፉ አይደለም። ዝርዝሩን አምኖ ነው። ስለ ቃሉ የምከራከረው ለዚህ ነው። የወፍ ቆሎ ወለላው ለቢራቢሮ እንደሚጥም አልክድም። ግን መጤ ወራሪ ነው፤ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የግጦሽ መሬት ሲውጥ ቆይቷል። እባካችሁ ሰው እንዲተክለው አትምከሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፤ እኛው የሙያው ሰዎችም እንሳሳታለን። ቅጠል ላይ እንቁላል ተገኘ ማለት ተክሉ አስተናጋጅ ነው ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ የራሷን ተክል በሚመስል ከአውሮፓ በመጣ ሐረግ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሎቹ ያልቃሉ። ትል ቅጠል ላይ ማግኘትም አይበቃም፤ ወደ ቢራቢሮ ለመለወጥ የምትጠቀለልበትን ቦታ ፍለጋ የምትዞር ልትሆን ትችላለች። ስትበላ ማየት፣ ከዚያም ክንፍ እስክታወጣ በዚያው ቅጠል ማሳደግ ያስፈልጋል። ከሌላ አገር መጽሐፍ የተገለበጠ ዝርዝርም ለእኛ አገር ሁልጊዜ አይሠራም፤ የአንዷ ቢራቢሮ ምርጫ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ሎሚያችሁ ገና ችግኝ ከሆነ ግን ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ጥቂት ትሎች ቅጠሉን ሊያራቁቱት ይችላሉ። መርዝ አያስፈልግም። ትሏን ከነቅጠሏ ቁረጡና ወደ ትልቅ ሎሚ፣ ወደ ብርቱካን ወይም ወደ ልምጭ አሻግሯት። ጽጌረዳ ላይ እንዳታስቀምጧት ብቻ፤ በረሃብ ትሞታለች።