የጎዳና ላይ ትርዒት እና የከተማ ደንብ

ጎዳና ላይ ጊታር የሚጫወት፣ አክሮባት የሚሠራ፣ ምትሃት የሚያሳይ ወይም ሐውልት መስሎ የሚቆም ሰው አዳራሽ አይከራይም፤ ትኬትም አይሸጥም። መድረኩ የሁሉም የሆነው መንገድ ነው። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያው መንገድ የሚያልፍ አለ፣ የሚነግድ አለ፣ ከላይ ፎቁ ላይ ሕፃን የሚያስተኛም አለ። ስለዚህ ትልልቅ ከተሞች በሙሉ ማለት ይቻላል ነገሩን በሆነ መንገድ በደንብ ይይዙታል።

ችግሩ ደንቡ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑ ነው። ጥቂቱ ስለ ድምፅ በወጣው ደንብ ውስጥ አለ። ጥቂቱ ስለ እግረኛ መንገድ አጠቃቀም በወጣው ውስጥ አለ። የፓርክ መተዳደሪያው፣ የመንገድ ላይ ንግድ ሕጉ፣ ልመናን የሚመለከተው ድንጋጌም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። «ፈቃድ አያስፈልግም» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የወጣ ሰው በሌላኛው አንቀጽ ሊቀጣ ይችላል።

ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት መሬቱ የማን እንደሆነ ነው። ኒው ዮርክ ጥሩ ማሳያ ናት። በከተማዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ ለመጫወት ፈቃድ አይጠየቅም። ፓርክ ውስጥ ሲገቡ ግን የፓርኮች መሥሪያ ቤት ደንብ ይመጣል። ደረጃውን ወርደው ምድር ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ሕግ ይጠብቅዎታል። ለንደን ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የኮቨንት ጋርደን የገበያ ሕንፃ ለሁሉም ክፍት ቢመስልም የሚተዳደረው በግል ባለንብረት ነው፤ በውስጡ የሚጫወቱት በባለንብረቱ የተመረጡ ናቸው። ከሕንፃው ውጭ ያለው ጎዳና ግን የለንደን አንዱ ክፍል በሆነው በዌስትሚንስተር ምክር ቤት ሥር ነው። የገበያ ማዕከል ግቢ፣ የባቡር ጣቢያ በር፣ የወደብ ዳር መዝናኛ ሁሉ ሲያዩዋቸው መንገድ ይመስላሉ፤ በወረቀት ግን የሌላ ሰው ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። እዚያ ላይ የሚወስነው የከተማው ደንብ ብቻ አይደለም፤ ጥበቃው «ውጣ» ካለ መውጣት ነው።

ከተሞች ፈቃዱን የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። አንዳንዶቹ ማንም ሰው ገብቶ እንዲጫወት ይተዉና ስለ ሰዓት፣ ስለ ድምፅና ስለ ቦታ ብቻ ይደነግጋሉ። ሌሎቹ ተመዝግበህ ወረቀት ያዝ ይላሉ። ዌስትሚንስተር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደዚህ ገብቷል (ሌሎቹም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሦስተኛው መንገድ ኦዲሽን ነው። የፓሪስ ሜትሮ ከ1997 ጀምሮ ሙዚቀኞችን እየፈተነ ባጅ ይሰጣል። ቶኪዮ በ2002 አርቲስቶችን መርጣ በፓርኮችና በተወሰኑ የሕዝብ ቦታዎች እንዲሠሩ የምትፈቅድበትን ፕሮግራም ጀምራለች። ሜልበርን ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ ለተራው ጎዳና የሚሆን ፈቃድ አለ፣ ሰው ለሚርመሰመስበት የቦርክ ስትሪት ሞል ግን ለብቻው መፈተን ያስፈልጋል።

በኔ እይታ ኦዲሽን የሚያስኬደው ቦታው በጣም ሲጠብ ነው። የለንደንን ምድር ባቡር ተመልከቱ። በ2003 በተጀመረው አሠራር መሠረት ሙዚቀኛው የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በግማሽ ክብ ምልክት ተለይቷል። ክቡ የተመረጠው ሰው እየተገፋፋ ከሚያልፍበት መስመር ወጣ ብሎ ነው። ሙዚቀኛው ተራውን ቀድሞ ይይዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ይለቃል። እንዲህ ቦታው ውስን ሲሆን መምረጥ ግድ ነው። ሰፊ አደባባይ ላይ ግን አንድ የቢሮ ሠራተኛ የማን ዘፈን ለሕዝብ ጆሮ እንደሚመጥን ሲወስን ያሳስበኛል። ጎዳና ላይ የሚጫወት ሰው ዳኛው መንገደኛው ነው፤ ካልጣመው ጥሎት ይሄዳል።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ኦርጋን እያዞሩ በየመንደሩ የሚጫወቱ ሰዎች በዝተው ነበር። በጣም ከተማረሩት አንዱ የዛሬው ኮምፒውተር ቅድመ አያት የሆነውን ማሽን የነደፈው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ ነው። ጩኸቱ ሥራ አላሠራ ብሎት ዘመቻ ከፈተ። በ1864 የወጣው ሕግ አንድ የቤት ባለቤት በሕመም፣ በሥራ መስተጓጎል ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ሙዚቀኛውን ከአካባቢው እንዲሄድለት መጠየቅ እንዲችል አደረገ። ኒው ዮርክ ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ በከንቲባ ላጓርዲያ ጊዜ የጎዳና ሙዚቀኞችን ጭራሽ ከልክላ ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1970 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ ሙዚቃ ወንጀል ነበር ማለት ነው።

ዛሬም ትልቁ ጠብ ያው ድምፅ ነው። ባዶ ድምፅ ያለው ዘፋኝና አንድ ጊታር ብዙ አያጣሉም። የሚያጣላው ስፒከሩ ነው። ለዚህ ነው ያለ ማጉያ ለሚጫወት ነፃ የሆነች ከተማም ብዙ ጊዜ ስፒከር ሲሰካ ፊቷን የምትቀይረው። ኒው ዮርክ ውስጥ በመንገድ ላይ ማጉያ ለመጠቀም ከአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በምድር ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ባቡር በሚጠበቅበት መድረክ ላይ ማጉያ ክልክል ነው፤ ተሳፋሪው የሚነገረውን ማስታወቂያ መስማት አለበት። በተፈቀደበት የጣቢያው ክፍልም ድምፁ በ5 ጫማ ርቀት ላይ ተለክቶ ከ85 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ደንብ ውስጥ ስታገኙ ርቀቱንም አብራችሁ አንብቡ። «85 ዴሲቤል» ብቻውን ምንም አይነግርም። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም ኪሎ አይደለም፤ 10 ሲጨምር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ይሆናል። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በሕንፃ በታጠረ ጠባብ መንገድ ላይ ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። ትናንት አደባባይ ላይ ማንንም ያልረበሸ ስፒከር ዛሬ ጠባብ መንገድ ላይ ፖሊስ ሊያስጠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር ድግግሞሽ ነው። መንገደኛው አንድ ዘፈን ሰምቶ ያልፋል። ፎቁ ላይ የሚሠራው ሰው ግን ያንኑ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይሰማል። በ2025 አንድ የለንደን ፍርድ ቤት በሌስተር ስኩዌር ያለው የጎዳና ሙዚቃ በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች ሕጋዊ ሁከት ሆኗል ብሎ ወሰነ። ከጩኸቱ ጋር ጎልቶ የተነሳው የጥቂት ዘፈኖች መደጋገም ነበር። ከዚያ በኋላ የዌስትሚንስተር ምክር ቤት በአደባባዩ ላይ መጫወትን አገደ። ሆንግ ኮንግም በሞንግ ኮክ ሙዚቀኞች ይሰበሰቡበት የነበረውን የእግረኛ ጎዳና በ2018 ከብዙ አቤቱታ በኋላ ለመኪና መልሳለች። የብዙ ከተሞች ደንብ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ቦታ ቀይር የሚለው ይህን ለመከላከል ነው። አንድ ሰው ድንበር ሲያልፍ ቦታው ለሁሉም ይዘጋል፤ ስለዚህ ይህን አንቀጽ ከሁሉም በላይ ማክበር ያለባቸው ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ናቸው እላለሁ።

ገንዘቡስ? የጊታር ሳጥን ከፍቶ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ኮፍያ ይዞ ሰው መከተል ሌላ። ብዙ ደንቦች የመጀመሪያውን ይፈቅዳሉ፣ ሁለተኛውን እንደ ልመና ያዩታል። ዋጋ ተቆርጦ ሲጠየቅ ደግሞ ነገሩ ንግድ ይሆናል። ሲዲ ወይም ቲሸርት መሸጥም እንዲሁ፤ የትርዒት ፈቃድ የያዘ ሰው የመንገድ ንግድ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። የሚሰበሰበው ቲፕም በብዙ አገር ግብር የሚታሰብበት ገቢ ነው።

ደንብ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ፍርድ ቤት አያቆመውም ማለት አይደለም። በሲያትል አንድ ፊኛ እያጠማዘዘ ቅርፅ የሚሠራ አርቲስት ከተማዋን ከሰሰ። ሲያትል ሴንተር በሚባለው የከተማዋ መዝናኛ ስፍራ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነበር፤ ተመልካችን ገንዘብ ስጠኝ ማለትም ክልክል ነበር። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ሁለቱም ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳሉ አለ። መነሻው መርህ ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ስለ ሴንትራል ፓርክ ሙዚቃ በሰጠው ውሳኔ ከተማ የድምፁን መጠን መቆጣጠር እንደምትችል አጽድቋል፤ ግን ቁጥጥሩ የሚባለውን ነገር ይዘት መነካካት የለበትም። ስለ ሰዓት፣ ስለ ቦታና ስለ አኳኋን መደንገግ ይቻላል። «ይህን ዝፈን፣ ያንን አትዝፈን» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በሌሎች አገሮች ሕጉ የተለየ ቢሆንም አንድን የከተማ ደንብ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም ለማለት ይህ መለኪያ በጣም ይጠቅማል።

ክብ ሠርቶ የሚታይ ትርዒት የራሱ ጉዳይ አለው። ሰው ተሰብስቦ የሱቅ በር፣ የአካል ጉዳተኛ መተላለፊያ ወይም የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ከዘጋ ተጠያቂው ትርዒቱን የሚያሳየው ሰው ነው። እሳትና ስለት ካለ ብዙ ከተሞች የመድን ዋስትናና የተለየ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ልጆች የሚሠሩበት ከሆነ የሕፃናት ሥራ ሕግ ይገባል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ቪዛው ገንዘብ መቀበል ይፈቅድለት እንደሆነ ማየት አለበት፤ የከተማ ፈቃድ የኢሚግሬሽንን ጥያቄ አይመልስም።

ወደ አዲስ ከተማ የሚሄድ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን «የጎዳና ትርዒት ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ «የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ትክክለኛ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ስፒከር መኖር አለመኖሩንና የሚሸጥ ነገር ካለ ጠቅሶ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ መልሱንም አትሞ ሳጥኑ ውስጥ ይያዝ። ከዚያ ቀድሞ እዚያው የሚጫወቱትን ማነጋገር ነው። ተራው እንዴት እንደሚያዝ፣ የትኛው ባለ ሱቅ ቶሎ እንደሚማረር፣ ፖሊስ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ «አቁም» ካለ መጀመሪያ ማቆም፣ ቀጥሎ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ በትህትና መጠየቅ። በአንዳንድ ከተማ ማስጠንቀቂያን ችላ ያለ ሰው ቅጣት ብቻ አይደለም የሚደርስበት፤ መሣሪያውም ሊወረስ ይችላል። ቅር ካለ አቤቱታው በማግስቱ ቢሮ ይቀርባል።