የነሐስ የሰው ሐውልት በመናፈሻ፦ ከጅማ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

የነሐስ የሰው ሐውልት፣ የሕዝብ ባለውለታ የሆነን ሰው መልክ፣ ቁመናና አለባበስ በእውነተኛ ገጽታው ቀርጾ በአደባባይ ወይም በመናፈሻ የሚያቆም ሥራ ነው። በአገራችን ስመ ጥር የሆነው በአዲስ አበባ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት ሲሆን፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተነሥቶ፣ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

የጅማ እጅ የሚታወቀው በእንጨት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማና በጅሬን ኮረብታ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለዚህ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት፣ በሂርማታ ገበያ ንግድን ያስፋፉት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ መልካቸው በፎቶግራፍ፣ የግል ዕቃዎቻቸው ደግሞ በጅማ ሙዚየም ስለሚገኙ፣ ለቀራፂ እንደ እርሳቸው የተመቸ ባለታሪክ ማግኘት ይከብዳል። የገጽታ ሐውልት በግምት ሲሠራ ማንንም የማይመስል የክብር ልብስ ለባሽ ሆኖ ይቀራልና፣ ማስረጃ መሰብሰቡ ከቀረጻው እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ሥራው የሚጀመረው በጭቃ ነው። ቀራፂው በብረት አፅም ላይ የሸክላ አፈር እየለጠፈ መልኩን ያወጣል፤ ነሐስ ሲቀዘቅዝ በጥቂቱ ስለሚኮማተርም ልኩን በመጠኑ ያሰፋዋል። ከሸክላው በተወሰደው ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ሰም ይለበጣል፤ ሰሙ እሳት በሚችል ልባስ ተሸፍኖ ሲተኮስ ቀልጦ ይወጣና፣ በለቀቀው ክፍተት 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጋለ ነሐስ ይፈስስበታል። ነሐሱ በተለመደው ቅይጥ 90 በመቶ ያህል መዳብ፣ 10 በመቶ ያህል ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ማዕድን) ነው። መስቀል የሚያወጡ አንጥረኞቻችን ከጥንት ጀምሮ በዚሁ የሰም መንገድ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ዘዴው ለአገራችን ባለሙያ ባዕድ አይደለም። በየክፍሉ የወጣው አካል በብየዳ ተጋጥሞ፣ ስፌቱ በመሮና በሞረድ እስኪጠፋ ይስተካከላል።

ከሁሉ የሚከብደው ዓይን ነው። ነሐስ ጥቁርና ነጭ ስለሌለው፣ ቀራፂው ብሌኑን ጎድጎድ አድርጎ ይፈለፍልና በውስጡ ትንሽ ጉብታ ይተዋል፤ ጉድጓዱ ጥላ ይይዛል፣ ጉብታዋ ብርሃን ትቀበላለች፣ ሐውልቱም የሚያይ ይመስላል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትውላለች፤ የግንባሩም ጥላ ዓይኑን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መቀመጫው እጅግ ከፍ ባይል፣ ከፊቱም ብርሃን ወደ ላይ የሚመልስ ፈካ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ቢኖር ይመረጣል። በረጅም ዓምድ ላይ የተሰቀለ ሰው ይከበር ይሆናል እንጂ ፊቱ አይታወቅም።

ዝናብ የሚበዛበት የጅማ አየር ነሐስን አይገድለውም፤ በላዩ የሚፈጠረው ቡናማ፣ ኋላም አረንጓዴ ልባስ ብረቱን በመጠኑ ይጠብቀዋል። የሚጎዳው በልብስ እጥፋትና በእግር ሥር የሚታቆር ውሃ፣ እንዲሁም የወፍ ኩስ ነው። በመሆኑም ሲሠራ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተውለታል፤ በበጋ ለስላሳ ሳሙናና ብሩሽ ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ ስስ ሰም ይቀባል። በሽቦ ብሩሽና በብረት ማጽጃ መፈተግ፣ ወይም ለበዓል ሲባል የወርቅ ቀለም መቀባት፣ ቀራፂው በፊቱ ላይ ያስቀረውን ረቂቅ መስመር ይደፍነዋል ወይም ያጠፋዋል።