«ቀስቱ ከተነሣ የሞተው ሴንሰሩ ነው» እና ሌሎች የጋራዥ ተረቶች

አሮጌ መኪና ላይ ያለ የዘይት ግፊት ጌጅ ሲበላሽ ጥገናው ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ባለመኪናው ከሰላምታ በፊት የሚያስታውቀው ውሳኔ ነው። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የኖረ ሰው እነዚህን በቃሉ ያውቃቸዋል።

«ዘይቱ ልኩን ሞልቷል፤ ስለዚህ ግፊት አለ።» መለኪያ ዘንጉ የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ብቻ ነው። ፓምፑ መሳብ ካቃተው ሞተር ሙሉ ዘይት ይዞ ይነክሳል፤ ማለትም ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል።

«መብራቱ አልበራም፤ ሰላም ነው።» መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ላዳ 2106ን የሠሩት ሰዎች ጌጅም መብራትም፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ሴንሰር (ሞተሩ ላይ ተጠምዶ ግፊቱን በሽቦ የሚያስታውቅ ዕቃ) የሰጡት ሽቦ ተርፏቸው አይደለም።

«ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ይወርዳል፤ ሞተሩ አልቋል።» ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፤ ፓምፑም ሞተሩ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል። ለቶዮታ 1ኤችዜድ፣ ለላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተር፣ በሚኒሞ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ግን ከ2.5 በታች መውረድ የለበትም። ይህን ሳይጠይቁ ደኅና ሞተር ያስወረዱ ሰዎች አሉ፤ ገንዘቡ የእነርሱ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጌጁ ዜሮ አጠገብ ተኝቷል። አንድ «አዋቂ» ኮፈኑን ይከፍትና የሴንሰሩን ሽቦ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ያነካካዋል። ቀስቱ ሽቅብ ይወጣል። «አየህ? ሴንሰሩ ነው!» ባለመኪናውም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል።

ሙከራው ያረጋገጠው ምንድን ነው? ሽቦው አለመበጠሱን፣ ጌጁም ማንበብ መቻሉን። ስለ ሴንሰሩ አንዲት ቃል አልተናገረም! ሴንሰሩ «ግፊት የለም» ያለው በእርግጥ ግፊት ስለሌለ ሊሆን ይችላል። እውነት የተናገረን ምስክር አባርሮ ሌላ ምስክር እንደ መፈለግ ነው።

አንድ የሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ሾፌር ሦስተኛውን ሴንሰር በላስቲክ እንደታሸገ ይዞልኝ መጣ። የፊተኞቹ ሁለቱ «ኦሪጂናል አይደሉም» ተብለው መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ተጥለዋል። ላስቲኩን ሳልፈታ በሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ መካኒካል ጌጅ አሰርሁ፤ ይኸውም ዘይቱ ራሱ በቱቦ እየደረሰ የሚገፋው፣ ኤሌክትሪክ የማያውቀው መለኪያ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ 3000 ዙር አደረስነው፤ ንባቡ 1 እንኳ አልሞላም። የዘይት ገንዳው ሲወርድ የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት በቀይ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኖ ተገኘ። ቀደም ብሎ ገንዳውን ያሸገ ሰው ሲሊኮኑን ያለ ስስት ደፍቶበታል፤ ትርፉም ወደ ውስጥ ወርዷል። ወንፊቱ ታጥቦ ሲገጠም ግፊቱ ከ3 በላይ ወጣ። ከመኪናው ጋር የመጣውን የመጀመሪያውን ሴንሰር መልሼ ገጠምሁለት፤ በትክክል ያነባል። ብሮንዙ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ሽፋን፣ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ማነካካቱ ራሱም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። በአሮጌ ቶዮታዎች ጌጅ ውስጥ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሰው ሲሞቅ የሚታጠፍ ጥምር ብረት ነው። ብረቱን የሚያሞቀው ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ማሳ (በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለሰው መስመር) ሲሰጠው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በመካከል 3.4 ዋት አምፖል ይግባ። ያው አምፖል ሴንሰሩንም ይፈትሻል፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ በአምፖሉ በኩል ከሴንሰሩ ጫፍ ጋር ሲያያዝ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አይበራም፤ ሞተሩ ሲነሣ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ብልጭታውም ከዙሩ ጋር ይለዋወጣል።

በአጭሩ፣ መጀመሪያ በመካኒካል ጌጅ ይለኩ። ግፊቱ ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ፤ እርሱም ከሴንሰሩ ጫፍ ይጀመር፤ አረንጓዴ ዝገት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዳሽቦርድ መፍታት የመጨረሻው ነው። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አብረው ካበዱ ግን ሴንሰሩን ይተዉትና ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበትን መስመር ወይም ማሳ ይመልከቱ።

«ክሩ ከገባ ሴንሰር ሁሉ አንድ ነው።» የመብራት ሴንሰር ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ጌጅ አያንቀሳቅስም። የጌጆቹም ይለያያሉ። ቪዲኦ (VDO) የተባለው ፋብሪካ የተለመደ ሴንሰር ግፊት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከ10 ወደ 180 ኦም ይወጣል፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ሠራሾች ደግሞ ከ240 ወደ 33 ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጌጅ ጋር ያገናኘ ሰው ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ግፊት ያያል። ክሩም በኢንች 28 ለሆነበት የቶዮታ ቀዳዳ ባለ 27 ክሩን የአሜሪካ ሴንሰር በጉልበት የሚያስገባ አለ። ሁለት ዙር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ክሩን እየበላ ነው።

«ወፍራም ዘይት ይፈውሰዋል።» ቀስቱን ያነሣል፤ ያለቀ ብሮንዝ ግን አይሞላም።

«ቴፍሎን በደንብ ይጠቅለልበት።» ሴንሰሩ ማሳ የሚያገኘው በክሩ በኩል ነው፤ ቴፍሎን ሲበዛ ማሳው ይዳከማል። ማሸግ ካስፈለገ ጥቂት ይበቃል፤ ጫፉ ላይ ያለው የመጀመሪያ ክር ግን ባዶውን ይቅር፤ አለዚያ ፍቅፋቂው የሴንሰሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍነዋል።