የአስተዳዳሪ መብትን መገደብ በአዲስ አበባ ዳርቻ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች

የአስተዳዳሪ መብት በኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የመጫን፣ የመሰረዝና የማሽኑን አሠራር የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን ነው። ይህን ሥልጣን ለአንድ ሰው ብቻ ትቶ ሌላውን በተራ ተጠቃሚ አካውንት ማሠራት ሳንቲም አያስወጣም። ሆኖም ብዙ ቦታ አይሠራበትም።

በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሥር በተከፈቱ የጽሑፍ ቤቶች አንዱን ኮምፒውተር ጸሐፊዋም፣ የባለቤቱ ልጅም፣ አንዳንዴ ደንበኛውም ይነካዋል። ሲቪ ሊያሳትም የመጣው ሰው ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ (ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው ሐሰተኛ አቋራጭ የሚያስቀምጥ ቫይረስ) ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ማታ ጨዋታ ይጭናል። ማሽኑ ማዝገም ሲጀምር የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን። ከዚያ በኋላ የአማርኛ መጻፊያው፣ ፎንቶቹና የፕሪንተሩ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንደ አዲስ ይጫናሉ። ቅጂ ያልተያዘለት የደንበኛ ሰነድ ደግሞ እንደወጣ ይቀራል።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲጫን የሚከፈቱትን አካውንቶች አስተዳዳሪ ያደርጋቸው ነበር። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ተከታዩ ዊንዶውስ ቪስታ ማሽኑን የሚለውጥ ሥራ ሲጀመር ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት አመጣ። ዛሬም ቢሆን መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት አስተዳዳሪ ስለሆነ፣ በእሱ የሚሠራ ሰው መስኮቱን ሳያነብ «አዎ» ብሎ ያልፋል። ተራ ተጠቃሚ ግን የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገደቡ ቫይረስን ፈጽሞ አያስቀርም። ሾርትከት ቫይረስ ያለ አስተዳዳሪ መብትም ይሠራል፤ ተጠቃሚው ሊከፍተው የሚችለውን ሰነድም ሊያበላሽ ይችላል። ነገር ግን ሳሎን እንደተቀመጠ እንግዳ ነው፣ ጓዳ ለመግባት ይቸገራል። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዶቹን አውጥቶ ያንን አካውንት መሰረዝና ሌላ መክፈት ይበቃል፤ ለሁሉም ተጠቃሚ የተጫነው ፕሮግራምና ድራይቨር በቦታው ይቆያል። በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ችግሩ ፎንት ላይ ይብሳል። ደንበኛ በማይታወቅ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሲያመጣ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ የወጡት ዊንዶውሶች ተራ ተጠቃሚ ለራሱ ፎንት እንዲጭን ይፈቅዳሉ፤ በአሮጌዎቹ ግን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ግድ ነው። ባለቤቱ ቀለም ሊገዛ መርካቶ ወርዷል፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ቃሉ በስልክ ይነገራል፣ ጸሐፊዋ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ፕሪንተሩ ጎን ትለጥፈዋለች፣ ማታ ልጁ ያነበዋል።